ሻይ እምቢ ያሉ እንግዶች

ስምንት ዓመቴ ላይ የቤታችን አስተርጓሚ ነበርኩ። የሾመኝ ሰው የለም፤ ሥልጣኑን የያዝኩት እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትችል፣ አባቴ ደግሞ እችላለሁ ብሎ ስለሚያምን ነው። ከትምህርት ቤት የሚመጣ ወረቀት፣ የሕንጻው ተቆጣጣሪ፣ ሱፐሩ፣ በር ላይ የሚለጥፈው ማስጠንቀቂያ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ ሁሉም በእኔ አፍ ያልፋል። እኔ ካልፈቀድኩ ካናዳ ቤታችን አትገባም ነበር። አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶኝ ሕጉ «አዋቂ ነሽ» ካለኝ በኋላ ሳስበው፣ ያንን ሁሉ ሥልጣን የፊት ጥርሷ ለወለቀ ልጅ መስጠት ድፍረት ነው። ግን ሌላ ሰው አልነበረም።

የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ነበር፤ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ። አባቴ ተማም ፓርኪንግ ይሠራል፤ እናቴ ጠይባ ቢሮ ታጸዳለች። ከካርቱም ከመጣን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖናል። ታናሽ ወንድሜ ሀምዱ አምስት ዓመቱ ነው። በመጣን በዓመቱ ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር፣ ተገኘበት። እናቴ የበሽታውን ስም አትጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የምትለው። ያ ነገር የሀምዱን ጸጉር አረገፈው፣ ጉንጩን አሳበጠው፣ ከዚያ ዶክተሮቹ «ከደሙ ጠፍቷል፤ እንዳይመለስ ግን መድኃኒቱን ገና ይወስዳል» አሉ። ጸጉሩ ተመልሶ በቀለ። ከበፊቱ ይልቅ ተጠቅልሎ ስለበቀለ እኔ ቀናሁ።

በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት፣ በረዶው ሊያልቅ ሲል፣ ከትምህርት ቤት ቢጫ ወረቀት ይዤ መጣሁ።

«ምን ይላል፣ ዙሀራ?» አለች እናቴ። የሀምዱን ኪኒን በቢላ ለሁለት እየከፈለች ነበር፤ ያን ጊዜ ትንፋሿን ትይዛለች።

ቴሌቪዥኑ ላይ የምወደው ካርቱን ጀምሯል። ወረቀቱን እስከ ግማሹ አነበብኩ።

«የልጆች ጉንጭ እየቀላ ነው ይላል። በጥፊ የተመታ ይመስላል ይላል።»

«ማነው የመታቸው?»

«ማንም። ዝም ብሎ ነው የሚቀላው።»

«ያንቺስ?»

«እኔን ደግሞ ምን ያቀላኛል? የፈረንጅ ልጆች በሽታ ነው፤ እኛን አይመለከትም።»

እናቴ ኪኒኗን ከፈለችና ተነፈሰች። «ወይ ጉድ፣ ጉንጭ ቀላ ብለው ወረቀት ይጽፋሉ!» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ሥር ወሸቅኩት። ከግማሹ በታች የተጻፈውን የሰማሁት ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ በሌላ ሰው አፍ ነው።

በዚያው ሰሞን እኔን ሁለት ቀን ትኩሳት ያዘኝ፤ አፍንጫዬም ፈሰሰ። ተሻለኝ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ክንዴ ያሳክከኝ ጀመር። ሻወር ወስጄ ስወጣ ቆዳዬ ላይ መረብ የመሰለ ነገር ወጣ፤ ልክ እናቴ ሶፋው ላይ እንደምታነጥፈው ዳንቴል። ለሀምዱ ብቻ አሳየሁት።

«ዳንቴል ለብሰሻል» አለኝ፤ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ። «ለኔም ይወጣልኛል?»

«አንተ ትንሽ ነህ» አልኩት።

በኋላ ሲነገረኝ፣ ዳንቴሉ ሲወጣ በሽታው ወደ ሰው መተላለፉን ጨርሷል። ለሀምዱ ያቀበልኩት ከዚያ በፊት በንፍጤ ነው። ለዓመታት ግን ያ ጣቱ ነበር የሚታየኝ።

ሀምዱ በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ኤሌቬተር ነበር። የኛ ሕንጻ ኤሌቬተር ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ስለሚበዛ፣ ሲሠራ ሀምዱ እንደ በዓል ነው የሚቆጥረው። ቁልፎቹን ሁሉ ይጫናቸዋል፤ ሰው ሁሉ ይሰድበናል። ሆስፒታል ሲተኛ ደግሞ አልጋው በቁልፍ ከፍና ዝቅ ስለሚል እሱን ኤሌቬተር አደረግነው። እኔ ነጂ ነኝ። «ስንተኛ ፎቅ፣ ጌታዬ?» እለዋለሁ፤ «አሥራ ስምንት!» ይላል፤ ቁልፉን እጫናለሁ፤ መሐል ላይ አቆመውና የሱፐሩን ድምፅ አስመስዬ እጮህበታለሁ። ሀምዱ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ታዲያ አንድ ቀን ከሱቅ ስንመለስ ኤሌቬተር ገብተን ሀምዱ ቁልፍ አልነካም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እናቴ ጎንበስ ብላ አገጩን ወደ መብራቱ ቀና አደረገችው። ከንፈሩ የተላጠ እንጨት መስሏል። የዓይኑን ሥር ገልጣ አየችና በሁለቱም እጇ ወደ ላይ አነሳችው። አሥራ ስምንተኛ ስንደርስ አልወረደችም፤ ተመልሰን ወደ ታች ወረድን፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ሐሙስ ነበር። ደሙ ተለካ፤ ከሚገባው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሀምዱን አስተኙት። ያን ምሽት አባቴና እናቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ወንበር ላይ የተኛሁ መስዬ ሰማሁ።

«ተመልሶ ከሆነስ?» አለች እናቴ።

«አፍሽ ላይ አታምጪው።»

«አፌ ላይ ባላመጣውስ? ባለፈውም እንዲህ ነው የጀመረው።»

 አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ይመለከት ነበር።

ዓርብ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄድኩ። የክፍሉ በር ላይ ትልቅ ማስታወቂያ አለ፤ የቤቱ አንባቢ እኔ ስለሆንኩ ቀድሜ አንብቤዋለሁ፦ ጉንፋን፣ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ያለበት ልጅ አይገባም። እጅጌዬን እስከ መዳፌ ጎትቼ ገባሁ። ሀምዱ አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ መስሎ ተኝቷል።

«ስንተኛ ፎቅ፣ ጌታዬ?»

«ዛሬ ኤሌቬተሩ ተበላሽቷል» አለ፤ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሀምዱን የምትከታተለው ረጅሟ ዶክተር መጣች። በኪሷ ሁልጊዜ ሦስት እርሳስ ትይዛለች። ከሀምዱ ዳሌ፣ ከአጥንቱ ውስጥ፣ በመርፌ ናሙና ወስደዋል፤ ውጤቱ ሰኞ ይደርሳል። ሌላም ደም ልከዋል። ከዚያ ወደኔ ዞራ ቁጢጥ አለች፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኛ።

«እናትሽን ጠይቂልኝ» አለች። «በዚህ ወር ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ነበር? ትኩሳት? ሽፍታ? ጉንጭ መቅላት?»

ጉንጭ ስትል ቢጫው ወረቀት ትዝ አለኝ።  እናቴ አጠገቤ ቆማ አፌን አፌን ታያለች። እውነቱን ከተናገርኩ ከክፍሉ ያስወጡኛል፤ ዳግመኛም አያስገቡኝም፤ ያን ኤሌቬተር ደግሞ ከኔ ሌላ መንዳት የሚችል የለም። የስምንት ዓመት ልጅ ሒሳቧ ይኼ ነው።

«የለም» አልኳት ዶክተሯን። እናቴን ምንም አልጠየቅኳትም።

«ምን አለችሽ?» አለች እናቴ።

«እንዴት ናችሁ አለች።»

ዶክተሯ እጄን እያየች ትንሽ ቆየች። እጅጌዬ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ተነስታ ሄደች።

አሁን የቅዳሜውን ከመንገሬ በፊት ስለ አያቴ መናገር አለብኝ። ከዚያ በፊት በነበረው መስከረም አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ኮምቦልቻ ላይ አረፉ። ወሬው ቶሮንቶ የደረሰው ቶሎ ነው፤ ለእናቴ የተነገራት ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ የሀገራችን ሰዎች ሁሉ እያወቁ ገበያ ላይ እያገኟት እየሳቁ ሰላም ሲሏት ከርመው። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። አንድ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ተሰብስበው መጡ። እኔ ከመኝታ ቤቱ በር ሆኜ ሁሉንም አየሁ። ኮታቸውን አላወለቁም። ሻይ እምቢ አሉ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቅዬ እናቴ ጎን ቁጭ አሉና ክንዷን ያዙ። የአባቴ ወዳጅ ጋሼ ባልቻ ሄደው በረንዳው በር ላይ ቆሙ፤ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ነውና ሰው በሐዘን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ከዚያ ሽማግሌያችን ሼህ መሐመድአወል ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀስ ብለው ጀመሩ፤ ግን አልጨረሱም፤ እናቴ ጩኸቷን ቀደመቻቸው።

እኔም ተማርኩ። ኮት፣ ሻይ፣ ክንድ፣ በረንዳ። አራት ምልክት።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሆስፒታል አድሮ፣ እናቴ ልብስ ልትቀይርና ከኔ ጋር ልታድር ቤት መጥታ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። በመኝታ ቤቱ በር ቀዳዳ አየሁ። መጀመሪያ ጫማቸውን ነው ያየሁት፤ በሩ ሥር ሰባት ጥንድ። ከዚያ ሰዎቹን። ሼህ መሐመድአወል፣ ጋሼ ባልቻ፣ እትዬ ብርቅዬ፣ ከአባቴ ጋር ፓርኪንግ የሚሠሩ አራት ሰዎች።

«ግቡ፣ ግቡ» አለች እናቴ። «ምነው በጠዋት?»

«ሰላም ነው፣ ሰላም ነው» አሉ። ሁለቴ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ።

«ሻይ ላፍላ።»

«አይ፣ ይቅርብን።»

«እንዴት ይቀራል? ጋሼ ባልቻ፣ ሳንቡሳ አለ፤ የትናንት ነው ግን ላሙቅልዎ።»

«ዛሬስ አልበላም፣ ጠይባዬ።»

ጋሼ ባልቻ! ታክሲ ነጂው ጋሼ ባልቻ፣ ቤታችን በመጡ ቁጥር «አልራበኝም» እያሉ ስድስት ሳንቡሳ የሚበሉት፣ ሰባተኛውን «ለመንገድ» ብለው በኪሳቸው የሚከቱት! ኮታቸውን እንደለበሱ ተነሱና ወደ በረንዳው በር ሄደው ቆሙ። ግንባራቸው በላብ ያብለጨልጫል። እትዬ ብርቅዬ እናቴ ጎን ተቀመጡ። ክንዷን ያዙ።

አራቱም ሞሉ።

«ጠይባ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ ሼህ መሐመድአወል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… ሰው ሀገር ነን። ወንድምም፣ እህትም፣ እኛው ለኛው ነን። የመጣብሽ ነገር የኛም ነው፤ ብቻሽን አትሸከሚውም። የተማም ልጅ ማለት…»

የበሩን እጀታ እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። ሳሎኑ መሐል ቆሜ ነበር፤ በፒጃማ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። «እኔ ነኝ የገደልኩት!»

ሁሉም ደረቁ።

«ማንን?» አለች እናቴ።

 እናቴ ከኔ ላይ ዓይኗን አንስታ ሰዎቹን ተመለከተች፤ አንድ በአንድ። ኮታቸውን አየች። ባዶውን ጠረጴዛ አየች። ክንዷን የያዘውን እጅ አየች። በመጨረሻ በረንዳው በር ላይ የቆሙትን ጋሼ ባልቻን አየች። እኔ የቆጠርኩትን እሷም ስትቆጥር በዓይኔ አየኋት።

«ልጄን!» ብላ ብድግ አለች። «ልጄ ምን ሆነ? ምንድነው የምትደብቁኝ? ሼህ፣ ይንገሩኝ! ልጄ!»

«ኧረ የለም! ኧረ በአላህ!»

«ጠይባ፣ አይደለም…»

«ያዟት፣ ያዟት!»

«ኧረ ደም ነው!» ብለው ጮኹ ጋሼ ባልቻ። «ደም ልንሰጥ ነው የመጣነው!»

«የምን ደም? የማን ደም ፈሰሰ?»

«የኛ! ገና አልፈሰሰም!»

እትዬ ብርቅዬ ክርክሩን ትተው ስልኩን አነሱና የሆስፒታሉን ቁጥር ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት እያዩ ደወሉ። አባቴ ስልኩ ጋ እስኪመጣ የነበረው ጊዜ ካየሁት ጊዜ ሁሉ ይረዝማል። «ተማም፣ ምንም አትበል፤ ልጁን ብቻ ስጠኝ» አሉና ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ ደቀኑት። እኔም ተንደርድሬ ጆሮዬን ከታች በኩል ለጠፍኩ።

«እማ» አለ የሀምዱ ድምፅ፤ ቀጭን ነው፤ ግን የሱ ነው። «ጄሎ በላሁ። አረንጓዴውን፣ የሚንቀጠቀጠውን። ዙሀራ የታለች?»

እናቴ የስልኩን ገመድ እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ ትላለች፤ ስንት ጊዜ እንዳለች አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቴ ሥራ ቦታ ላይ «ልጄ ደም ሊሰጠው ነው» ሲል ሰዎቹ ተጠራርተው ሄደው ሊለግሱለት ቆረጡ። ለእናቴ አስቀድሞ ቢነገራት «አትቸገሩ» ትላለችና በሽማግሌ ወግ፣ በሼህ መሐመድአወል አፍ ሊነግሯት መጡ። የደም ምርመራ በባዶ ሆድ ስለሆነ መስጠቱም በባዶ ሆድ ነው ብለው ሁሉም ጾማቸውን አደሩ። ጋሼ ባልቻ በረንዳው ጋ የቆሙት መርፌ ስለሚፈሩና አየር ስላጠራቸው ነው።

«እኔ እኮ ሥርዓት ልጠብቅ ብዬ ነው» አሉ ሼህ፤ ኮታቸውን እያወለቁ።  «እንዲያው በር ላይ ቆሜ ‹ደም አለን› ልበላት?»

«ምን ነበረበት?» አሉ እትዬ ብርቅዬ።

መጀመሪያ እኔ ላይ የዞሩት ጋሼ ባልቻ ናቸው። «አንቺስ፣ እመቤት? ማንን ነው የገደልሽው?»

ቦርሳዬን አምጥቼ ከሥሩ ቢጫውን ወረቀት አወጣሁ። የሙዝ ልጣጭ ተለጥፎበታል። ጋሼ ባልቻ እዚህ የተማሩ ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው በአማርኛ አነበቡት፤ እስከ ግማሹ እኔ እንዳልኩት፤ ከግማሹ በታች፦ «ሕመሙ ለአብዛኞቹ ልጆች ቀላል ነው። በቤትዎ እርጉዝ ሴት፣ ወይም የደም ሕመም ያለበት ልጅ ካለ ግን ሳይዘገዩ ለሐኪም ይንገሩ።»

 እኔ ጥፊውን ጠበቅኩ፤ ጉንጬ ሊቀላ የሚችለው በዚያ ብቻ ነው።

እናቴ ግን እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን አገላብጣ አየች። «ዶክተሯ ትናንት ይህን ነው የጠየቀችሽ?»

«አዎ።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«የለም አልኳት።»

«ለምን?»

«ያስወጡኛል። ኤሌቬተሩን የሚነዳለት የለም።»

 «ጫማሽን አድርጊ» አለችኝ።

ጋሼ ባልቻ በታክሲያቸው ወሰዱን። ረጅሟ ዶክተር ቅዳሜም ሥራ ላይ ነበረች። ወረቀቱን ሰጠኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ዳንቴሉ፣ ስለ «የለም» ጭምር። አልተቆጣችም። እጄን ይዛ ወደ መታጠቢያው ወሰደችኝና ሙቅ ውኃ ለቀቀችበት። ትንሽ እንደቆየ ክንዴ ላይ ዳንቴሉ ብቅ አለ፤ ደብዘዝ ብሎ፣ መስመር በመስመር። ያቺ ሴት እንደዚያ ፈገግ ስትል አይቻት አላውቅም። ሽፍታ አይታ እንዲህ የምትደሰት ሴት ጤነኛ ናት? ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ከእናቴ ፊት ተቀምጣ ተናገረች፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«አንድ ትንሽ ቫይረስ አለ። አጥንት ውስጥ ገብቶ… አጥንት ውስጥ ያለው ለስላሳው ነገር…»

«መቅኒ በይ» አለች እናቴ።

«መቅኒ ውስጥ ገብቶ ቀዩን ደም የሚሠሩትን ሥራ ያስቆማቸዋል። ጤነኛ ልጅ አይታወቀውም፤ ሰውነቱ በቶሎ ያስወጣዋል፤ እስከዚያ ያለው ደም ይበቃዋል። ሀምዱ ግን መድኃኒቱ ያ ነገር እንዳይመለስ ሲጠብቅ ሰውነቱንም ስላደከመው፣ ቫይረሱን ማስወጣት አቅቶት ይሆናል። ስለዚህ ደሙ ያነሰው ያ ነገር ተመልሶ ላይሆን ይችላል። ምናልባት።»

እናቴ እጄን ጨበጠችኝ። ጨበጠችኝ ስል አጥንቴ ተንቋቋ። «ዙሀራ፣ ‹ምናልባት› ነው ያለችው ወይስ ‹ነው› ነው ያለችው? ልክ ልኩን ንገሪኝ።»

ፊቷን አየሁት። «ነው» ብዬ ብተረጉም ያ ፊት እዚያው ይፈታ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ።

«ምናልባት» አልኳት። «ሰኞ እናውቃለን አለች።»

እናቴ ጭንቅላቴን ሳመችው። በሕይወቴ ከተረጎምኩት ሁሉ በትክክል የተረጎምኩት የመጀመሪያው ቃል ያ ነው።

ያን ቀን እኔን ከክፍሉ አላስወጡኝም፤ አሁን ከኔ የሚተላለፍ ነገር የለም ተባለ። ከብረት ዘንጉ ላይ ጥቁር ቀይ ከረጢት ሰቀሉ፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሀምዱና እኔ ስንቆጥር ቆየን፤ ሁለት መቶ ላይ ተሳስተን ተጣላን። ወደ ማታ ከንፈሩ ወደ ከንፈርነቱ ተመለሰ።

«ስንተኛ ፎቅ፣ ጌታዬ?» አልኩት።

«ሠላሳ ሁለት!»

«ሕንጻው እኮ ሃያ አራት ነው።»

«ጨምሪበት!»

ሰኞ ዶክተሯ ራሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። መቅኒው ውስጥ ያ ነገር የለም። ቀዩን ደም የሚሠሩት ግን በጣም ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም አብጠዋል፤ ቫይረሱ ሲገባ እንዲህ ነው የሚያደርገው። «ይመለሳሉ» አለች። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ነው ያለችው፣ ምናልባት አላለችም» አልኳት። ሀምዱ ሁለት ጊዜ ደግሞ ደም ተሰጠው፤ መድኃኒቱ ለጥቂት ሳምንት ቀለል ተደረገለት፤ በግንቦት ቁልፎቹን ሁሉ እየተጫነ ሰው ያሰድበን ጀመር።

ደም ሊለግሱ የሄዱትስ? ከሰባቱ ምርመራውን ያለፉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሼህ መሐመድአወል ዕድሜያቸው አለፈ ተባሉ። እትዬ ብርቅዬ ኪሏቸው አነሰ፤ ይህን እስከ ዛሬ እንደ ሽልማት ያወሩታል። አራቱ ወባ ካለበት ሀገር ከወጡ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም፤ አንዱ ሊሞላው ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበርና ነርሷን ለመናት። የቀሩት በፈረንጆቹ ሰባዎቹ የመጡት ጋሼ ባልቻ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰጡ፤ ሲነሱ ወደቁ። ነርሷ በባዶ ሆድ መምጣታቸውን ስትሰማ ማን ያስተማራችሁ ነው ብላ ብስኩትና ጭማቂ አቀረበች። አሥራ አንድ ብስኩት በሉ። አሥራ ሁለተኛውን ለመንገድ ያዙ።

አሁን ሀምዱ አሥራ አምስት ሆኖታል፤ እግሩ ሶፋውን አልፎ ይሄዳል፤ አማርኛ ስናወራው በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ጋሼ ባልቻ በትምህርት ጥሩ ውጤት ባመጣ ቁጥር «የኔ ደም እኮ ነው!» ይላሉ። አይደለም። ባለፈው ዓመት ለቁጥጥር ከሀምዱ ጋር ሄጄ ያቺን ረጅም ዶክተር ጠይቄያት ነበር። የደማቸው ዓይነት እንኳ አይገጥምም። የጋሼ ባልቻ ደም ወደ ማን እንደሄደ ማንም አያውቅም፤ የሀምዱም ከማን እንደመጣ እንዲሁ። ሀምዱ ይህን ያውቃል። እሳቸው እንዲያ ሲሉ ግን አንገቱን ደፍቶ «ልክ ነው ጋሼ» ይላል፤ በአማርኛ።

ስለ ወረቀቱም ጠየቅኳት። እሷ ዓርብ ዕለት፣ እኔ «የለም» ከማለቴ በፊት፣ ያንን ቫይረስ ጠርጥራ ደሙን ለምርመራ ልካው ነበር። አዲስ የታወቀ ነገር ስለነበር ውጤቱ የመጣው ግን በወሩ ነው። «ታዲያ የኔ ወረቀት ምን ጠቀመ?» አልኳት። «እሑድን በጭንቀት ብቻ ሳይሆን በተስፋ አሳለፍነው፤ እኔም፣ እናትሽም» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንድሜን ልገድለው የነበርኩትም ያዳንኩትም እኔ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱም አይደለሁም። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ከዚያ ቀለለኝ።

ዘንድሮ አሥራ ስምንት ስለሞላኝ ደም ልሰጥ ከነጋሼ ባልቻ ጋር ሄድኩ። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን፣ ቅዳሜ፣ ይሄዳሉ፤ አራቱም ሦስት ዓመታቸው ሞልቶ ይሰጣሉ፤ እናቴም ትሰጣለች። ሼህ መሐመድአወል ዱዓ ለማድረግና ሰው ለመቁጠር ይመጣሉ። መሰብሰቢያው አሁንም የኛ ቤት ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት።

በሩ ሲንኳኳ የከፈተው ሀምዱ ነው። ሰዎቹን አየ፤ ጫማቸውን አየ፤ ከዚያ አንገቱን ወደ ወጥ ቤት አዙሮ ጮኸ።

«እማ! የመርዶ ሰዎች መጥተዋል!»

«አፍህ ይያዝ!» አለች እናቴ። «ጌታዬ፣ ይህን ልጅ እኔ ነኝ የወለድኩት?»

«የኔ ደም ነው» አሉ ጋሼ ባልቻ።

እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ሻይ ሳይጠጣ፣ ሳንቡሳ ሳይበላ ከዚህ ቤት የሚወጣ የለም። ኮታችሁን አውልቁ። ሁላችሁም!»

መጀመሪያ ያወለቁት ጋሼ ባልቻ ናቸው።